በፖሊስ ጣቢያ የሚገኙ ማረፊያ ቤቶችን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

በባሕር ዳር የታሰሩ ሰዎችን አያያዝ ለመከታተል የሚሄድ ሰው በቅድሚያ በምን ሥልጣን እንደሚገባ ማወቅ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አዋጅ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ማረሚያ ቤቶችንና ፖሊስ ጣቢያዎችን ሳያሳውቁ እንዲጎበኙ ይፈቅዳል፤ ከኮሚሽኑ ውጭ የሚመጣ ግን የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

እንደገቡ የታሳሪዎችን መዝገብ ይጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ስለሚያዝ፣ የተያዘበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም መጻፉን ያረጋግጡ፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ 48ቱን ከየት ጀምሮ መቁጠር ይቻላል? ቀጥሎ በክፍሎቹ ያሉትን ሰዎች ራስዎ ቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ካገኙ ሌላውን ሥራ አቁመው፣ ማን እንዳሰረውና ለምን እንዳልተመዘገበ ኃላፊውን ይጠይቁ።

ክፍሎቹን በሜትር ይለኩ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋራ ክፍል ለአንድ ሰው 3.4 ካሬ ሜትር ስለሚመክር፣ 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል የሚበቃው ለ5 ሰው ነው። ቀን ብዙዎቹ ግቢ ውስጥ ስለሚውሉ መጨናነቁ አይታይም፤ ስለዚህ በር ከሚዘጋበት ሰዓት በኋላም ይሂዱ። በተቀመጠ ሰው ጀርባ ቁመት ልክ ግድግዳው ጠቁሮና ወዝቶ ካዩ፣ ተደግፈው የሚያድሩ ሰዎች እንዳሉ ይጠይቁ። በሚያዝያ ሙቀት በሩን አዘግተው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢቆዩ ስለ አየሩ የሚነግርዎት አያስፈልግም። የጣና ዳርቻ ወባማ በመሆኑ አጎበር መኖሩን፣ ትኩሳት የያዘው ሰውም ለምርመራ የሚወሰድበትን ጊዜ ይመዝግቡ። የቧንቧውን ውኃ ከፍተው ይዩ፤ ማታ ሽንት ቤት መውጣት ይፈቀድ እንደሆነም ይጠይቁ። ሴቶችና ሕፃናት ለብቻ መያዛቸውን ማየትም አይቀርም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ቃለ መጠይቁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ተቆጣጣሪው የሚያነጋግረውን ሰው ራሱ እንዲመርጥና ጠባቂ በሌለበት እንዲያነጋግር መብት ይሰጡታል። ጠባቂው ወይም ካቦው (የታሳሪዎቹ አለቃ) መርጦ ያቀረበውን ብቻ ሰምተው አይውጡ። ብዙ ሰዎችን እያንዳንዳቸውን ለእኩል ጊዜ ያነጋግሩ፤ አንድ ሰው ብቻ ለረጅም ጊዜ ከተጠራ ቅሬታውን ማን እንዳቀረበ በዚያው ማታ ይታወቃልና። ማስፈታት ስለማይችሉ ተስፋ አይስጡ። በሪፖርቱም የተናጋሪውን ማንነት የሚጠቁም ነገር አይጻፉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው በመጀመሪያው ቀን በመዝገቡ የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ያጣሩ፤ የተፈታው የተፈታበትን ትእዛዝ፣ የተዛወረው የሄደበትን ጣቢያ ስም ጠይቀው፣ ወደዚያም ሄደው በአካል ይዩት።