ከሩጫ በኋላ ሰውነት ሲተሳሰር ምን እናድርግ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሶምሶማ ስጀምር የመጀመሪያው ቀን አልከበደኝም። የጎዳኝ ማግስቱ ነው። ደረጃ ስወርድ ጭኔ አልታዘዝ አለኝ። ሥራ ላይ ዓይኔ ይከደን ነበር። ብዙ ጀማሪ ሩጫን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ልተወው ነበር። ድካሙ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአቅማችን በላይ ፈጥነን ስለምንነሳ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነት ቀንሱ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ እዚህ ለሚሮጥ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ ይከብዳሉ። 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህን 8 ጊዜ ደጋግሙ። በሳምንት 3 ቀን ይበቃል፤ በመካከሉ ዕረፍት ይኑር። እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ቁልቁለት ይቀላል ብላችሁም አትታለሉ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ትንፋሽ አያጥርም፣ በማግስቱ ግን ጭን ይቃጠላል። ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደታችንን ስለሚይዝ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሕመሙ በ1ኛውና በ3ኛው ቀን መካከል ይበረታል፣ ከዚያ ይለቃል። ብዙ ሰው "ላክቲክ አሲድ ነው" ይላል፤ እሱ ግን ሩጫው ካበቃ በ1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል። ለጅምሩ ሜዳማ ቦታ፣ ሣር ካለም ሣር ምረጡ።

ስትጨርሱ ድንገት አትቁሙ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ ተራመዱ። ከዚያ በላብ የራሰውን ልብስ ቶሎ ቀይሩ። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ላብ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ያንቀጠቅጣል።

ምግብ ላይ እኛ የገብስ አገር ሰዎች ታድለናል። በ1 ሰዓት ውስጥ በሶ በማር ወይም በስኳር በጥብጡና ጠጡ፤ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩበት። ሩጫ የጨረሰውን ኃይል ይተካል፣ ውኃውም አብሮ ይገባል። ቀጥሎ ጡንቻ የሚጠግን ነገር ብሉ፦ እንቁላል፣ ወተት፣ በጾም ደግሞ ሽሮ ወይም ምስር። ሻይና ቡናውን ከምግቡ 1 ሰዓት ያህል አርቁት፤ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ይህን በተለይ ሴቶች ልብ በሉት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆድ ከመሮጥ ወደ መፍቻው ሰዓት ተጠግታችሁ ብትሮጡ ይሻላል፤ ወዲያው ትበላላችሁ።

ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ። ከ7 ሰዓት ካነሰ ሌላው ሁሉ ብዙም አይረዳም።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አትተኙ። 20 ደቂቃ ያህል መንሸራሸር የተሳሰረውን እግር ያፍታታል። ማስታገሻ ውጦ መሮጥን ግን አልመክርም። ሕመሙን ይሸፍነዋል፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ደግሞ ውኃ ያነሰውን ሰው ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

ሽንታችሁ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ደረት ከወጋችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። አርፋችሁም ድካሙ ከ2 ሳምንት በላይ ካልለቀቀ ደም ተመርመሩ፤ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ለቀጣዩ ሩጫ መድረሳችሁን የማውቅበት ዘዴ አለኝ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የእጃችሁን የደም ምት ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ። ከወትሮው በ10 ያህል ከበለጠ፣ ወይም ደረጃ ስትወርዱ ጭናችሁ ገና የሚያም ከሆነ፣ ያን ቀን ተራመዱ እንጂ አትሩጡ።