የጣሊያን ዘመን ትረካ ከጅማ ሽማግሌዎች አፍ፦ እንዴት ይሰበሰባል?

ጣሊያን በ1928 ሲገባ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ስለዚያ ዘመን የምትሰሙት ነገር በአብዛኛው ያየ ሰው ቃል አይደለም። አባት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰው ነው። ትረካው በዚህ ዋጋ አያጣም፤ አሰባሰቡ ግን ይለወጣል። «ምን ሆነ?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ከማን ሰሙት? ስንት ዓመትዎ ነበር? የት ተቀምጠው ሲጫወቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ሦስት መልሶች ያልተመዘገቡለት ትረካ ቢያምርም ከሌላ ማስረጃ ጋር ማመሳከር አይቻልም።

ሥራው አዲስ አይደለም። በዛሬዋ ታንዛኒያ በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ላይ የተነሳውን የማጂ ማጂ አመፅ (በፈረንጆች 1905–1907) ከሽማግሌዎች አፍ ለመሰብሰብ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በፈረንጆች 1968 እና 1969 በየመንደሩ ተሰማርተው ነበር። ስለዚያ አመፅ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥይትን ውሃ ያደርጋል የተባለው መድኃኒት ነው። ምሬቱ ግን ቀድሞ በግዳጅ ጥጥ በሚለማበት ማሳ ላይ ተጠራቅሞ ነበር። ከመጀመሪያው ተኩስ የሚጀምር ጠያቂ እንዲህ ያለውን ያልፈዋል።

ጅማ ላይም ከ1928 አትጀምሩ፤ ከ1924 ጀምሩ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው ይዘው ቆይተዋል። ይህ ራስ ገዝነት ያበቃው በ1924 ነው። ጣሊያን ሲመጣ የልጅ ልጃቸውን አባ ጆቢርን ሱልጣን ብሎ ሾመ፤ ጅማንም የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አደረጋት። በሙስሊሙ አካባቢ መስጊድ መሥራትና አረብኛ ማስተማር የአገዛዙ ፖለቲካ ነበር። በመሆኑም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ጫካ የገባ፣ ሌላው ለጣሊያን ያደረ ወንድማማች ብታገኙ አይግረማችሁ። «አርበኛ ነበሩ ወይስ ባንዳ?» ብሎ የጀመረ ሰው ጨዋታውን በገዛ እጁ ይዘጋዋል። ይልቅ «ጣሊያን ሲገባ ቤተሰቡ የት ነበር? ግብር ለማን ይገባ ነበር? ለመንገድ ሥራ የተወሰደ ሰው ነበር? ማታ እህል የሚወስደው ማን ነበር?» በሉ። ጎራው ከመልሶቹ ራሱ ይወጣል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ገጽ የዘመን ቅደም ተከተል በእጃችሁ ይኑር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 1928 ቦናያ ላይ፣ ነቀምት አጠገብ፣ በአውሮፕላን ያረፉ የጣሊያን መኮንኖች ተገደሉ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሰጡ፤ አብረዋቸው የነበሩት የጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር ሰዎችም እንዲሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 የአዲስ አበባው ፍጅት ደረሰ። ሰኔ 14 ቀን 1933 ጅማ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ገጹ ለእናንተ ነው፤ ለሽማግሌው አይነበብም።

ዓመተ ምሕረት የሚቆጥር ሽማግሌ ብዙም አታገኙም። በረመዳን፣ በአረፋ፣ በቡና ለቀማ፣ ወንዝ በሞላበት ክረምት ነው የሚቆጠረው። እሱን ወደ ቀን መመለስ የእናንተ ሥራ ነው። የ1929 ኢድ አልፈጥር የዋለው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በስድስተኛው ቀን ገደማ ነበር። «ራስ እምሩ የተያዙት ከኢድ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው» ያለ ሰው የጎጀቡን ቀን በትክክል ይዞታል ማለት ነው። «ረመዳን ከመግባቱ በፊት» ያለ ደግሞ ወይ ሌላ ውጊያ እያወራ ነው፣ ወይ ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። ወደ ፈረንጅ ዓመት ስትለውጡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ። በየወረቀቱ የሚታየው የአንድ ዓመት ስህተት አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

መሣሪያው ስልክ ይበቃል። ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ የሚደወለው ልክ ዋናው ቦታ ላይ ነው። በዋቭ (WAV፣ ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ቅዱ፤ በ16 ቢት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በአንድ ቻናል አንድ ሰዓት 320 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው። ስልኩን ከተናጋሪው ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ በታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ላይ አስቀምጡ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ስኒ በተቀመጠ ቁጥር እንደ መዶሻ ይሰማል። አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምንም ማስተካከያ አያድነውም፤ በክረምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጨርሱ። ዓርብ ለጁምዓ ሰዓት አትሂዱ። ቡና ከተፈላም ሙቀጫው ዝም እስኪል ጠብቁ። ስትሄዱ ስኳር ወይም ቡና ያዙ እንጂ ገንዘብ አትስጡ፤ ገንዘብ ከተከፈለበት በሁለተኛው ጉብኝት ታሪኩ አድጎ ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ የሚቀዳው ፈቃድ ነው፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ «ይቀዳ፣ ለሌላም ይሰማ» የሚል የራሳቸው ቃል። ከዚያ በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ። ለጅማ ሽማግሌ ይህ ብዙ ጊዜ አፋን ኦሮሞ ነው። አስተርጓሚ እየቆረጠ ባሳጠረው አማርኛ ብቻ አትቅዱ፤ ፉከራና የሰው ስም መጀመሪያ የሚጠፋው እዚያ ነው። «አርበኛው ገረሱ ዱኪ እዚህ መጥተው ነበር አይደል?» አትበሉ። ሽማግሌው በይሉኝታ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል፤ እናንተም የራሳችሁን ቃል ቀድታችሁ ትመለሳላችሁ። «እዚህ ማን ማን መጣ?» በቂ ነው። ዝም ሲሉ ዝም በሉ።

ጎረቤት ተሰብስቦ እየተራረመ የሚያወራበት ጨዋታ ለቦታና ለቅደም ተከተል ጥሩ ነው። ማን ማንን እንደጠቆመ ግን በሰው ፊት አይነገርም፤ ለዚያ ሌላ ቀን፣ ብቻቸውን። በአንድ ጊዜ የሚደረገው ጨዋታ ከ90 ደቂቃ አይለፍ።

ትልቁ ወጥመድ ስም ነው። አንድ ሰው በመዝገብ ስሙ፣ በፈረስ ስሙና በማዕረጉ ይጠራል፤ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና አባ ነፍሶ አንድ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ ጀማሪ ሁለት ጀግና ይመዘግባል። በጅማ «አባ እከሌ» የማይባል ሽማግሌ ስለሌለ ነገሩ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ስም የአባት ስም፣ የመጣበት መንደርና የማን ዘመድ እንደሆነ ጠይቁ። ቦታም እንዲሁ ነው፦ ጅሬን የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ነው፣ ሂርማታ ደግሞ የጥንቱ ገበያ። ተናጋሪው «ጅማ» ሲል ከተማውን ይሁን መላውን የአባ ጅፋር ግዛት አጣሩ።

ዕቃ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ውጅግራ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ስለሆነ «በውጅግራ አምስቱን ሳያቋርጥ ጣላቸው» ከተባለ ጠመንጃው ሌላ ነው ወይም ትረካው ተውቧል። «መርዝ ጣለብን» ሲባል አካል ላይ የታየውን ጠይቁ። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያሳብጠውና ውሃ የሚያስቋጥረው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ወዲያው እሳት የተነሳ ከሆነ ተቀጣጣይ ቦምብ ይሆናል። ስለ ሟች ብዛት «ሺህ» ሲሏችሁ አትከራከሩ፤ ስንት ሰው ተቀበረ፣ የት፣ ስንት ጠመንጃ ተማረከ በሉ። ደግሞ «ፋሺስት» እያለ ቀንና ወሩን ሳይሳሳት የሚያወርድ ሰው ምናልባት ከሬዲዮ ወይም ከትምህርት ቤት ነው የያዘው። «ሶላቶ» (የጣሊያን ወታደር) የሚለው ብዙውን ጊዜ ከቤት የሰማ ነው። ሁለቱንም መዝግቡ፣ ምንጩን ግን ለዩ።

አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ለጀማሪ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። በዚያው ሳምንት ካልጀመራችሁት ያልተሰሙትን ስሞች ማስታወስ ይቸግራል። ንግግሩን አታሳምሩ፤ ያልተሰማውን «[አልተሰማም 14፡20]» ብላችሁ ከነደቂቃው ተዉት። ለማመሳከር አዲስ አበባ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። በጣሊያንኛ ሰነድ ጅማ የምትጻፈው በእንግሊዝኛው «ጄ» (J) ሳይሆን በ«ጂ» (G) ፊደል፣ Gimma ተብላ ስለሆነ በጄ ብቻ የፈለገ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ፋይሉን በቀን፣ በቦታና በተራ ቁጥር ሰይሙት፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዚያው ይጻፍ። ዋናውን አትንኩ፤ ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱን ከቤታችሁ ውጭ አስቀምጡ። በቴሌግራም ስትልኩ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ የድምፅ መልእክት ይጨመቃል። የጠቋሚና የባንዳ ስም፣ የመሬት ክርክርና ያልታረቀ ደም ያለበትን ክፍል በሚሰራጨው ጽሑፍ ውስጥ በፊደል ምልክት ተኩት፤ ልጆቻቸው እዚያው ቀበሌ ይኖራሉ። ለቤተሰቡ ቅጂውን በሚሞሪ ካርድ፣ ጽሑፉን አትማችሁ ስጡና አስነብቧቸው። «ይህ ይውጣ» ካሉ ይወጣል፤ የወጣበትን ደቂቃና ቀን ብቻ በማስታወሻችሁ ያዙ።