«አይ» ማለት «አለ» ማለት ነው፦ ስፓኒሽ ስንማር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሽንኩርት አለቀብኝ። አብሮኝ የሚሠራውን የኤል ሳልቫዶር ልጅ ባለችኝ ስፓኒሽ «ኤስታ ሴቦያ?» አልኩት። ሽንኩርት አለ? ማለቴ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «አይ፣ አይ» አለኝ። የለም ካለማ ብዬ ሽርጤን ፈትቼ ሮጬ ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ ልጁ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሙሉ ኬሻ ሽንኩርት ጎትቶ አውጥቶ ይጠብቀኛል።

«አይ» በስፓኒሽ «አለ» ማለት ነው። የኛ «አይ» ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አብዛኞቻችን ስፓኒሽ የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። አፑም፣ ዩቲዩቡም፣ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዳን። ብዙው ስህተታችን ከዚያ ይመጣል፤ አማርኛው እኮ መንገዱን ቀድሞ ያውቀዋል። ጥቂቱ ግን ከራሳችን ነው።

«አለ»ን ሁሉ «ኤስታ» ማለት

የኔ የሽንኩርት ጥያቄ ራሱም ስህተት ነበር። ነገሩ መኖር አለመኖሩን ስትጠይቁ «አይ» ነው፦ «አይ ካፌ?» ቡና አለ? የምታውቁት ሰው ወይም ዕቃ የት እንዳለ ስትጠይቁ ግን «ኤስታ» ነው፦ «ኤስታ ኤል ሄፌ?» አለቃው አለ? አማርኛ ሁለቱንም በአንድ «አለ» ስለሚጨርስ ለኛ ይከብደናል።

«ሴር» ቋሚ፣ «ኤስታር» ጊዜያዊ ብሎ መሸምደድ

ሁለቱም «መሆን» ማለት ናቸው፤ «ሶይ»ና «ኤስ» ከ«ሴር»፣ «ኤስቶይ»ና «ኤስታ» ከ«ኤስታር» ይረባሉ። ይህቺን ሕግ ሁሉም ያስተምራታል። እኔ አልወዳትም። ሞተ ለማለት «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው የሚባለው። ከሞት በላይ ቋሚ ምን አለ? በ«ሴር» የሚነገረው ሰው ወይም ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ነው፤ በ«ኤስታር» ደግሞ ያለበት ሁኔታና ቦታ። «እንዴት ነህ?» ሲሉን «አለሁ» እንል የለ? ያ «አለሁ» ነው «ኤስቶይ»።

ሲቀያየሩ ትርጉሙም ይቀየራል። «ኤስቶይ አቡሪዶ» ደብሮኛል ነው። «ሶይ አቡሪዶ» ካላችሁ ግን ደባሪ ሰው ነኝ ብላችሁ ራሳችሁን አስተዋወቃችሁ። «ኤስ ሊስቶ» ጎበዝ ነው፤ «ኤስታ ሊስቶ» ተዘጋጅቷል። አንድ ወጣ ያለ ነገር ብቻ ያዙ፦ ድግስ ወይም ስብሰባ የት እንደሚደረግ ሲነገር ቦታ ቢሆንም «ሴር» ነው። «ላ ፊዬስታ ኤስ ኤን ሚ ካሳ»፣ ድግሱ እኔ ቤት ነው።

«ዮ ጉስቶ»

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። እንግሊዝኛው «እኔ ቡና እወዳለሁ» ስለሚል «ዮ ጉስቶ ካፌ» እንላለን። ስፓኒሹ የሚለው «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ነው። ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተገለበጠ ነው፤ መምህራኑም ብዙ ሰዓት ይፈጁበታል። ለኛስ? «ቡና ደስ ይለኛል» ነው በቃ! ደስ የሚለው ቡናው፣ ደስ የሚለን እኛ። ብዙ ቁጥር ሲሆን እንኳ አብሮ ይሄዳል፦ ውሾች ደስ «ይሉኛል»፣ «ሜ ጉስታን ሎስ ፔሮስ»።

«ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ደግሞ «ራሴን ያመኛል» ነው። ልዩነቱ ስፓኒሹ «ራሴን» አይልም፤ «ራሱን ያመኛል» እንደማለት ነው። የማን ራስ እንደሆነ «ሜ» ተናግራለችና «ሚ ካቤሳ» አትበሉ።

ርሃብ ላይ ግን አማርኛችሁን ተዉት። «ቴንጎ አምብሬ» ነው፣ ርሃብ አለኝ። ዕድሜም እንዲሁ፦ «ቴንጎ 30 አኞስ»። «ኞ»ዋን አደራ፤ «አኖስ» ካላችሁ የተናገራችሁት ስለ መቀመጫ ቀዳዳ ነው። እንግሊዞቹ ፊደሉ የላቸውም፣ ይማሩ። እኛ ግን ባኞ ቤት እያልን አድገን «ኞ» ሊያቅተን አይገባም።

ሁለት መጠየቅ፣ ሁለት ማወቅ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአማርኛ ነው። ውሃ ጠየቀ፣ መንገድ ጠየቀ፤ ለኛ ያው ነው። ለነሱ ግን ስጡኝ ብሎ መጠየቅ «ፔዲር» ነው፣ ንገሩኝ ብሎ መጠየቅ «ፕሬጉንታር»። «ፕሬጉንቴ አጓ» ስትሉ ውሃን ጥያቄ የጠየቃችሁ ይመስላል።

ማወቅም ለሁለት ይከፈላል። ዋና አውቃለሁ፣ መልሱን አውቃለሁ ሲሆን «ሳቤር» ነው። ሰውና ቦታ ማወቅ «ኮኖሴር» ነው። ባለፈ ጊዜ «ኮኖሲ» ካላችሁ ደግሞ «አወቅኩ» ሳይሆን «ተዋወቅኩ» ይሆናል።

«መጣሁ!» ማለት

አለቃ ሲጠራ «መጣሁ!» ብሎ መጮህ ደማችን ውስጥ ነው። እንግሊዝኛውም መጣሁ ስለሚል «ቤንጎ!» ብለን እንጮሃለን። ስፓኒሽ የሚለው «ያ ቦይ!» ነው፣ ሄድኩ። የሚንቀሳቀሰው ሰው ካለበት ነው የሚቆጠረው። ፊደሏን «ቮይ» ብላችሁ አታንብቧት፣ ስፓኒሽ «ቭ» የሚባል ድምፅ የለውም።

ግንና ውሻ

«ግን» ፔሮ ነው፣ «ውሻ»ም ፔሮ ነው። አጻጻፋቸው በፊደላችን አንድ ይሁን እንጂ ውሻው ላይ «ሮ» ይጠብቃል። ፈረንጅ በዚህ ምላሱን ይሰብራል። እኛ «ምን አለ?» የሚለውን አንዴ አላልተን አንዴ አጥብቀን የምናነብ ሰዎች ነን። «ካሮ» ሲላላ ውድ፣ ሲጠብቅ መኪና ነው።

«ፖር» እና «ፓራ»

ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአማርኛ «ለ» ይሆናሉ። «ለ» በሚለው ፈንታ «ስለ» ማለት ከቻላችሁ ብዙ ጊዜ «ፖር» ነው። ለማኙ «ስለ ማርያም» እንደሚለው፣ እነሱም «ፖር ዲዮስ» ይላሉ። ምስጋናም በ«ፖር» ነው፦ «ግራሲያስ ፖር ላ ኮሚዳ»። «ትራባሆ ፓራ ሚ ኤርማኖ» ወንድሜ ነው ቀጣሪዬ፤ «ትራባሆ ፖር ሚ ኤርማኖ» ግን በወንድሜ ፈንታ ገብቼ እየሠራሁ ነው።

አንድ ስፓኒሽ ብቻ ያለ መምሰል

አፑ «አንተ»ን «ቱ» ብሎ አስተማረኝ። ኩሽና ስገባ ልጆቹ እርስ በርሳቸው «ቦስ» ይባባላሉ። ኤል ሳልቫዶርና አርጀንቲና እንደዚያ ነው። «እርስዎ» ደግሞ «ኡስቴድ» ነው፤ ግሱ እንደ «እሱ» ይረባል። አይግረማችሁ፣ እኛም «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱ የ«እሳቸው» ነው።

ቃላቱም በየአገሩ ይለያያሉ። ካሚዮን በስፔን እንደኛው የጭነት መኪና ነው፣ ሜክሲኮ ግን የከተማ አውቶቡስ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ተልከው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑ ጋሼ አሉ። ስፓኒሻቸው ውሃ ነው። ኩባ አውቶቡስን «ጓጓ» ይላል። አንድ ቀን አርፍደው ሲገቡ «ሴ ሜ ፉዌ ላ ጓጓ» አሉ፣ አውቶቡስ አመለጠኝ ለማለት። የሰማቻቸው ቺሊያዊት ናት። ቺሊ ውስጥ ጓጓ ሕፃን ልጅ ነው። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጥላ ብድግ አለችና «የት ሄደ? ስንት ዓመቱ ነው?»