ሰዓቱ የአባቴ ፊት ላይ እንዳያርፍ፦ የምንወደውን ፎቶ ሎክ ስክሪን ላይ ስለማውጣት

እናቴ የምትኖረው ደሴ ነው። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ ሳምሰንግ ስልኳን አቀበለችኝና «እስቲ አባትሽን እዚህ ላይ አውጪልኝ» አለችኝ። ሎክ ስክሪኑን ማለቷ ነው፤ ስልኩ ሲበራ፣ ገና ሳይከፈት የሚታየውን። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ቀን ፈጀብን። በደንብ የተማርኩትም ያን ቀን ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ብዙ ስልኮች ላይ ሰዓቱ የሚያርፈው ከስክሪኑ ላይኛው ክፍል ነው። ፎቶ ላይ የሰው ፊትም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ከጋለሪ የወደዳችሁትን ስታወጡ ቁጥሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ሌላው ችግር ቅርጹ ነው። የስልክ ስክሪን ረጅምና ጠባብ ነው። ፎቶ ሰፋ ይላል። ስልኩ ስክሪኑን ለመሙላት ሲል ግራና ቀኙን ይቆርጠዋል። በአግድም የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ዳር የቆሙት ሁሌ የሚጠፉት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩን አቁማችሁ ያነሳችሁትን፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያለበትን፣ ከራስ በላይ ሰማይ ወይም ባዶ ግድግዳ የሚታይበትን ፎቶ ምረጡ። እንደዚያ ያለ ከሌላችሁ አሁን አንሱ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤ ከራሱ በላይ የፎቶው ሲሶ ያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ቦታው ለሰዓቱ ነው።

አባቴን ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሁን ማንሳት አይቻልም። ያለን አንድ ጥሩ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ፣ ፎቶ ቤት የተነሳው። ሙሉ ልብስ ለብሶ አንድ እጁን ወንበር ላይ አሳርፏል። ከጀርባው በእማዬ እጅ ጽሑፍ «1971 ዓ.ም.» ይላል። ፀጉሩ የፎቶውን ላይኛ ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰዓቱ የት ይረፍ?

መጀመሪያ ፎቶውን ከአልበሙ ለማውጣት ሞከርኩ። ላስቲኩ ላይ ተጣብቋል። እባካችሁ እንደዚህ ያለ ፎቶ አትሳቡ፤ ቀለሙ ከላስቲኩ ጋር ተልጦ ይቀራል። እንደተጣበቀ ተዉትና እዚያው አንሱት። ፍላሽ አጥፉ። አምፖሉንም አጥፉ። አልበሙን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት። ላስቲኩ ካብለጨለጨ አልበሙን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ነጭ ነጸብራቁ የሚጠፋበትን አቅጣጫ ፈልጉ። የጉግል ፎቶስካን የሚባል አፕም አለ፤ ስልኩን ወደ አራት ነጠብጣቦች እንድታንቀሳቅሱ ያደርግና ነጸብራቁን ራሱ ያጠፋዋል። እኔ ግን በመስኮቱ ብርሃን ነው የተሳካልኝ።

የሰዓቱን ቦታ ያገኘነው በሻርፕ ነው። ፎቶው ዙሪያ ጠቆር ያለ ጨርቅ ባነጥፍና ከላይ ሰፋ አድርጌ ባነሳ ሰዓቱ ጨርቁ ላይ ያርፋል ብዬ አሰብኩ። ሳጥኑ ላይ የነበረውን ጥቁር ነጠላዋን ላነሳ ስል «እሱን ተይው» አለችኝ። ለእሱ ሐዘን የለበሰችው ነው። ዝም አልኩ። ቡናማ ሻርፗን አውጥታ ራሷ አነጠፈችው፤ ጫፉንም በእጇ አለሰለሰችው። ስልኩን በቀጥታ ከላይ ይዤ አነሳሁ። አባቴ ከታች ቆሟል፣ ከላዩ ቡናማ ጨርቅ ብቻ። የአልበም ፎቶ ለምታወጡ ሁሉ ይሄን ዘዴ ሞክሩት።

አወጣጡ ራሱ አጭር ነው። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ «ዎልፔፐር ኤንድ ስታይል» የሚለውን ትነካላችሁ፤ ከዚያ ጋለሪ፣ ፎቶውን መምረጥ፣ ሎክ ስክሪን፣ ጨረሳችሁ። ሌሎች አንድሮይድ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ ፎቶውን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ ዎልፔፐር የማድረጊያው ምርጫ ይመጣል። አይፎን ላይ፣ ከ2022 ወዲህ ባለው ሲስተም፣ ሎክ ስክሪኑን ራሱን ጫን አድርጋችሁ ትይዙና የመደመር ምልክቷን ትነካላችሁ። ፎቶው በደንብ ከተነሳ የሰውዬው ራስ ሰዓቱን በስሱ ሸፍኖ ከፊት የቆመ እንዲመስል ያደርገዋል። በጣም ያምራል።

አንዳንድ ስልኮች ስክሪኑ በበራ ቁጥር የራሳቸውን ሥዕል የሚያመጡ፣ ማጋዚን የሚባል ነገር አላቸው። ፎቶአችሁ እየጠፋ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ እሱን አጥፉት። ዳታም ይበላል።

ብዙ ፎቶ ማፈራረቅም ይቻላል። ኩዌት ያለችው እህቴ አይፎኗ ላይ የልጆቻችንን ፎቶ ሞልታ በየቀኑ እንዲቀየር አድርጋዋለች። ጠዋት ለሥራ ስትነሳ የትኛው እንደሚመጣ አታውቅም፤ ያን ትወደዋለች። እኔም ለእማዬ እንደዚያ አደረግሁላት። አባቴን፣ እህቴን፣ የልጅ ልጆቹን። በነጋታው ጠዋት በድንጋጤ ቀሰቀሰችኝ። «አባትሽ የት ሄደ?» ስክሪኑን ስታበራ ሌላ ፎቶ መጥቶባት የጠፋ መስሏት ነው። በጣም አዘንኩ። ወዲያው መለስኩት። ለትልልቅ ሰዎች አንድ ፎቶ ብቻ አድርጉላቸው።

ከውጭ አገር የሚላክላችሁ ፎቶ ደብዘዝ ካለ ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል።

ሎክ ስክሪን ማንም የሚያየው ነገር መሆኑን አትርሱ። እኔ በአንድ ወቅት ልጄን ዩኒፎርም ለብሶ አውጥቼው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፈገግ ብላ ስሙን ጠራችው፤ የትምህርት ቤቱንም ስም ነገረችኝ። ባጁ ላይ አንብባው ነው። ክፉ ሰው አልነበረችም። ቢሆንም ዕለቱን ቀየርኩት። ባጅ፣ የመኪና ታርጋ፣ የቤት ቁጥር የሚታይበትን ፎቶ ቁረጡት ወይም ተዉት።

የሚመጡ መልእክቶችም ፊቱን ይሸፍናሉ። የእማዬ ስልክ ላይ የጥቅል ማስታወቂያ የአባቴ ደረት ላይ ተደርድሮ አየሁና ኖቲፊኬሽኑ በትንሽ ምልክት ብቻ እንዲታይ አደረግሁ። እግረ መንገዴን ከታች የእኔን ስልክ ቁጥር ጻፍኩበት፤ ስልኩ ቢወድቅባት ያገኘው ሰው ይደውልልኛል።

የቀረን የሰዓቱ ቀለም ነበር። እማዬ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ውጭ ስታወጣው ነጩ ቁጥር ሻርፑ ላይ ደበዘዘባት። ሎክ ስክሪኑን ጫን አድርጌ ይዤ ሰዓቱን ነካሁት፤ ወፍራም አጻጻፍና ቢጫ ቀለም መረጥኩ። ከውስጥ ሆኜ «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አልኳት። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችው። ስክሪኑ 9:15 ይላል።

«ሦስት ሰዓት ከሩብ» አለችኝ። ስልኩን ግን ቶሎ አላስቀመጠችውም።