ዩዝ ወርክ ውስጥ ገና ለምትገቡ፦ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙብን

እዚህ አውሮፓ ዩዝ ወርከር (ከትምህርት ቤት ውጪ ከወጣቶች ጋር የሚሰራ ሰው) የሚሆኑ ሀበሻ ልጆች እየበዙ ነው፣ ጀርመን በሉት ጣሊያን በሉት ስዊድን፣ በየስልጠናው አገኛቸዋለሁ ደስም ይለኛል። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ማየት ሰለቸኝ፣ ስለዚህ ልተንፍሰው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ጨዋታውን አጫውቶ ዲብሪፊንጉን፣ ማለትም ከጨዋታው በኋላ ያለውን ውይይት፣ መዝለል ነው። አንድ ስልጠና ላይ ያ «አንድ እርምጃ ወደፊት» የሚባለው ልምምድ ተሰራ፣ ለያንዳንዱ የሆነ ሰው ሚና የተጻፈባት ወረቀት ትደርሰዋለች፣ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ «ፖሊስ ቢያስቆመኝ አልፈራም» አይነት ነገር ሲነበብ ለዛ ሰው እውነት ከሆነ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። በሊቢያ አልፎ በጀልባ ለመጣ የኛ ልጅ የደረሰችው ወረቀት ምን ትላለች? የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ! ሌላው ሁሉ ግድግዳው ጋ ሲደርስ እሱ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ፋሲሊቴተሩ (ልምምዱን የሚመራው) ሰዓቱን አየና «በጣም አሪፍ ነበር፣ አሁን ቡና!» ብሎ አጨበጨበ። ልጁ ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ከተታት፣ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ አልተመለሰም።

እና ማን ምን ሚና እንደሚደርሰው ቀድማችሁ እዩ እንጂ እንደ ካርታ በውዛችሁ አታድሉ። ሲያልቅ መጀመሪያ ከሚናው አውጧቸው፣ ወረቀቱን ይጣሉ፣ የራሳቸውን ስም ይናገሩ። ከዛ ምን ተሰማችሁ፣ ቀጥሎ ምን ታዘባችሁ፣ ቀጥሎ ይሄ ነገር በኑሯችሁ የት አለ፣ መጨረሻ ላይ ምን እናድርግ። ዘለው «ምን ተማራችሁ?» ብለው የሚጀምሩ አሉ፣ መልሱ ሁሌ «ብዙ ነገር» ነው። ጨዋታው 30 ደቂቃ ከወሰደ እኔ ለውይይቱ 1 ሰዓት እመድባለሁ፣ ሰዓት ካጠረ ጨዋታውን ሰርዙት።

ሁለተኛ፣ የጉዞ ወረቀት። ኤክስቼንጅ (የተለያዩ አገር ወጣቶች ለጥቂት ቀናት የሚገናኙበት ፕሮግራም) ላይ ልጅ መዝግባችሁ ኤርፖርት ላይ አታስለቅሱት። ጀርመን ውስጥ የጥገኝነት ኬዙ ገና ያላለቀ ልጅ ባጠቃላይ ከአገር መውጣት አይችልም፣ ባቡር ተሳፍሮ ፖላንድ መግባትም ያው መውጣት ነው። ሰማያዊዋን የስደተኛ ፓስፖርት የያዘ ሼንገን (እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ያነሱት የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ አየርላንድ ወይም ቱርክ ሲባል ግን ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ደግሞ የናንተን ፕሮግራም አይጠብቅም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ፣ «አለኝ» ሲላችሁ ብቻ አትመኑ፣ አፍሮ ነው የሚላችሁ።

የአውሮፓ ምክር ቤት (Council of Europe) እና የአውሮፓ ህብረት (EU) አንድ አይደሉም። ስትራስቡርግና ቡዳፔስት ያሉት የወጣቶች ማእከላት የምክር ቤቱ ናቸው፣ ለኤክስቼንጅ ገንዘብ የሚሰጠው ኢራስመስ ፕላስ የህብረቱ፣ ማመልከቻ ላይ የምታደባልቁ አላችሁ።

ዩዝፓስን፣ ያንን ልጁ ከፕሮግራሙ ምን እንደተማረ የሚያሳየውን ሰርተፍኬት፣ በመጨረሻው ሌሊት አታስሞሉ። ከ2007 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ልጁ የተማረውን በ8ቱ ቁልፍ ብቃቶች (ህብረቱ ያወጣቸው፣ እንደ ቋንቋና ዲጂታል ያሉ የችሎታ ዘርፎች) እያየ በራሱ ቃል እንዲጽፈው የተሰራ፣ እናንተ ግን ከሌላ ሰው ኮፒ ፔስት ታስደርጉታላችሁ፣ ከዛ የስራ ኢንተርቪው ላይ «እዚህ የጻፍከውን አስረዳኝ» ሲሉት ይንተባተባል። በየቀኑ ማታ 15 ደቂቃ ስጡት፣ በአማርኛም ይጻፈው ግድ የለም፣ ኋላ ይተረጎማል።

ፕሮግራሙን ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አትጠቅጥቁት። ልጆቹ የሚቀራረቡት እቃ ሲያጥቡና በረንዳ ላይ ሲያወሩ ነው።

ኢነርጃይዘር (ልጆቹን የሚያነቃቃ አጭር ጨዋታ) ላይ መንካካት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አልፈልግም ያለችውን አትጎትቱ።

የኤክስቼንጅ ማመልከቻ ደግሞ በብራስልስ ሰዓት 12:00 ላይ ይዘጋል፣ እኩለ ቀን ነው እኩለ ሌሊት አይደለም፣ ፊንላንድ ላላችሁ 13:00፣ ፖርቱጋል ላላችሁ 11:00። ሲስተሙ ከዘጋ በኋላ ናሽናል ኤጀንሲው (በየአገሩ ኢራስመስ ፕላስን የሚያስተዳድረው ቢሮ) ጋ እየደወላችሁ አትለማመጡ፣ የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ።