ያልተጠበቀ የጋብቻ ጥያቄ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወንዱ ቀለበት ገዝቶና ጓደኞቹን አስተባብሮ፣ ሴቲቱን ባላሰበችው ቦታና ሰዓት «ታገቢኛለሽ?» ብሎ መጠየቁ እየተለመደ መጥቷል። እንዲህ ያለው ዝግጅት የሚበላሸው በአበባ ማነስ ሳይሆን በሚከተሉት ስህተቶች ነው።

የመጀመሪያው መልሱን ሳያውቁ መጠየቅ ነው። ያልተጠበቁ መሆን ያለባቸው ቀኑና ቦታው ናቸው እንጂ ጥያቄው ራሱ አይደለም። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ልጅ፣ አንዳቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነም ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ሳይነጋገሩ ቀለበት ማውጣት፣ ንግግሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ብቻ ይሆናል። በብዙ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ይደነግጋል፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ስልክ ደግነው እየቀረጹ «እሺ» ያለች ሴት ግን ፈቅዳ ይሁን አፍራ ማወቅ ያስቸግራል። በምረቃዋ ቀን መጠየቅንም አልደግፍም፤ ያ ቀን የዓመታት ድካሟ ነው፣ ለብቻው ይከበርላት።

ብዙዎች ልብ የማይሉት የሰበቡን ዓይነት ነው። «አደጋ ደርሶበታል» ወይም «ፖሊስ ይዞታል» ብሎ ማስደወል ጭካኔ መሆኑ ግልጽ ቢሆንም፣ ምንም ያልተዋሸበት ዝግጅትም ያንኑ ድንጋጤ ሊፈጥር ይችላል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድና ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ሐዘንተኛው በሰበብ ወደ ቤት ከተወሰደ በኋላ ነው። ስለዚህ የቅርብ ጓደኛዋ ምክንያቱን ሳትነግራት ከሥራ ቦታ ብታስወጣትና ስትደርስ ቤተሰቡ በዝምታ ተሰብስቦ ብታገኝ፣ መጀመሪያ ወደ ልቧ የሚመጣው ሠርግ አይደለም። በተለይ እናቷ ወይም አባቷ ታመው ከሆነ እንዲህ ያለው ነገር ጨርሶ መሞከር የለበትም። የጓደኛ ልደት ወይም ቀድሞ የተያዘ የእራት ቀጠሮ በቂ ሰበብ ነው።

ቀን ሲመረጥ የጾሙን ወቅት መርሳትም የተለመደ ነው። ጾመኛ የሆነችን ኦርቶዶክሳዊት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ወይም በረቡዕና በዓርብ በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ኬክ ፊት ማቆም፣ ሙስሊሟን ደግሞ በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ምግብ ቤት መጋበዝ፣ በቅጡ አለማወቅን ያሳብቃል። እንጦጦን የመሰለ ገላጣ ቦታ የመረጠ ሰው በክረምት ዝናብ ተለዋጭ መጠለያ ያስፈልገዋል፤ ፀሐይም እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ስለምትጠልቅና ብርሃኑ ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ስለሚጠፋ፣ የግማሽ ሰዓት መዘግየት ፎቶውን ጨለማ ያደርገዋል።

የቀለበትን ልክ በግምት ማዘዝ በቀላሉ የሚወገድ ስህተት ነው፤ በዚያው ጣቷ የምታደርገውን ቀለበት እህቷ ለአንድ ቀን ብታውሰው ወርቅ ቤቱ ይለካዋል። ለስላሳ ቀለበት በኋላም ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል፤ ዙሪያውን ድንጋይ የተሰካበት ግን ያስቸግራል።

ከሁሉም የበለጠ ጠባሳ የሚተወው ቪዲዮውን ከሽማግሌዎቹ ማስቀደም ነው። አባት የልጁን መታጨት በቲክቶክ አይቶ ከዋሽንግተን ከደወለ ወንድሙ ቢሰማ፣ ከሳምንት በኋላ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው የሚቆሙት ሽማግሌዎች ያለቀ ነገር ሊያጸድቁ የመጡ ይመስላሉ፤ የቀጠሮው መራዘምና የማያልቀው የጥያቄ ብዛትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ቅሬታ ይመነጫል። በግል የተሰጠ «እሺ» ሽምግልናውን አይተካም፣ ለእርሱ መንገድ ይጠርጋል እንጂ። ስለዚህ ቢያንስ እናቷ ወይም ታላቅ ወንድሟ አስቀድመው ይወቁ፤ ከቪዲዮ ቀራጩና ከተጋባዦቹም ጋር ሽማግሌዎቹ የቤተሰቡን ፈቃድ ይዘው እስኪመለሱ ድረስ ምንም ምስል እንዳይለጠፍ፣ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ መስማማት ይገባል።