ተጠንቅቀው ከተገናኙ በኋላ እርግዝና ሲያሰጋ፦ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እስከ 21ኛው ቀን

ኮንዶም ወይም ሌላ መከላከያ ተጠቅመው የተገናኙ ሰዎችን በማግስቱ የሚይዛቸው ጭንቀት ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከተፈጠረው ነገር ሳይሆን የተፈጠረውን በትክክል ካለማጤን ነው። «አርግዤ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየትኛውም ምርመራ ስለማይመለስ፣ ከመብሰልሰል በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። በዚያ ጊዜ መልስ የሚገኝላቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ መከላከያው በእርግጥ ሥራውን ሠርቷል ወይ? ከግንኙነቱስ ወዲህ ስንት ሰዓት አልፏል?

በመጀመሪያ ኮንዶሙን ያስታውሱ፤ ካልተጣለም ይመልከቱት። ከግንኙነቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከነበረ፣ ሳይቀደድና ሳይወልቅ ከወጣ፣ የወንዱም ዘር ጫፉ ላይ ተጠራቅሞ ከታየ፣ ዘሩ ወደ ማሕፀን የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። የተቀደደ ኮንዶም አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይለያል፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ውሃ ሞልቶ ማየት ይቻላል። በውጪው በኩል የሚገኘው እርጥበት ግን ከፋብሪካ የተቀባው ማለስለሻና የሴቷ የራሷ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ለብቻው የመፍሰስ ማስረጃ አይሆንም። ለአንድ ዓመት ሁልጊዜም በትክክል ሲጠቀሙበት ከ100 ሴቶች 2 ያህሉ ያረግዛሉ፤ በተለመደው አጠቃቀም ግን ቁጥሩ 13 ገደማ ይደርሳል። ይህን ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጥረው የሰው እጅ ነው፦ ዘግይቶ ማድረግ፣ ከዘር መፍሰስ በኋላ አፉን ይዞ ቶሎ አለመውጣት፣ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት መቀባት (ሁለቱም ላስቲኩን ያሳሱታል)፣ በኪስ ቦርሳ ለወራት የታሸ ወይም በኮምቦልቻ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የሰነበተ ኮንዶም መጠቀም።

በክንድ የሚቀበረውን ወይም የሦስት ወር መርፌ የምትጠቀም ሴት የሚገጥማት ጭንቀት ከዚህ ይለያል። እነዚህ መከላከያዎች የወር አበባን ሊያዛቡና ጨርሶም ሊያስቀሩ ስለሚችሉ፣ የወር አበባ መቅረት ለእርሷ የእርግዝና ምልክት ተደርጎ አይቆጠርም። የመርፌው ቀጠሮ አልፎ ከሆነም፣ ከ4 ሳምንት እስካልበለጠ ድረስ መከላከሉን እንደሚቀጥል ይታሰባል። ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በክንድ የሚቀበረውንና የሚዋጠውን መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ለጤና ባለሙያ ሊናገር ይገባል።

መከላከያው ሥራውን ከሠራ በዚህ ረገድ የሚደረግ ተጨማሪ ነገር የለም፤ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚዋጥ ኪኒን የወር አበባውን ቀን አዛብቶ አዲስ ጭንቀት ይወልዳል። ኮንዶሙ ከተቀደደ ወይም ውስጥ ከቀረ ግን ሰዓቱን ይቁጠሩ። ፖስትፒልን የመሰለ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ ቅዳሜ ማታ በ4 ሰዓት የተከሰተ ነገር 72 ሰዓት የሚሞላው ማክሰኞ ማታ በ4 ሰዓት ነው። ቀኑ አለ ብሎ መቆየት ግን አይገባም፤ ኪኒኑ የሚሠራው እንቁላል የሚለቀቅበትን ጊዜ በማዘግየት ስለሆነ፣ እንቁላሉ ከቀደመው አይረዳም። 1.5 ሚሊ ግራም የሆነው በአንድ ፍሬ ያልቃል፤ ባለ 0.75 ሚሊ ግራሙን ሁለቱንም ፍሬ በአንድ ጊዜ መዋጥ ይቻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። የተጸነሰ እርግዝናን አያስወርድም፤ በዚያው ወር ከዚያ በኋላ ለሚደረግ ግንኙነትም ዋስትና አይሆንም። በ5 ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ ወደ ማሕፀን የሚገባ የመዳብ ሉፕ ከኪኒኑ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ኪኒኑ በመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገኛል። ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናትና፣ ፒያሳ ላይ ጎረቤት እንዳያየው ፈርቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገዛ አለ፤ የኮምቦልቻውም ሰው በተራው ወደ ደሴ ይወጣል። ጉዞው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በራሱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዕፍረቱን ለማብረድ ሁለት ቀን ማሳለፍ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። ኮንዶሙ የተቀደደው የኤችአይቪ ሁኔታው ካልታወቀ ሰው ጋር ከሆነ፣ ቫይረሱን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛው ቀን ምርመራ ገዝቶ «የለም» የሚል ውጤት ያየ ሰው ገንዘቡን ከማባከን በቀር ያወቀው ነገር የለም፤ ምርመራው የሚፈልገው ሆርሞን ሽል ማሕፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ ብቻ የሚመነጭ ሲሆን፣ ይህም እንቁላል ከተለቀቀ ከ6 እስከ 12 ቀን ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን የሚሰማ ማቅለሽለሽም ከዚያ ግንኙነት የመጣ የእርግዝና ምልክት ሊሆን አይችልም፤ የጡት መወጠርና ድካምም የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚታዩ ናቸው። አስተማማኝ ውጤት የሚገኘው ከግንኙነቱ 21 ቀን በኋላ ነው። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥር 5 ከሆነ ጥር 26፣ ጥር 20 ከሆነ የካቲት 11 ይውላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሆነ ጳጉሜን መዝለል አይገባም። በ28 ቀን የሚመለስ የወር አበባም በየወሩ ሁለት ቀን ወደኋላ ይመጣልና፣ ጥር 10 የጀመረው የካቲት 8 ይጠበቃል።

ምርመራውን በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ያድርጉ፤ ውጤቱንም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ብቻ ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ደብዛዛ መስመር አይቆጠርም። ከ21 ቀን በኋላ «የለም» ካለና የወር አበባው እስከ ሳምንት ካልመጣ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ጭንቀት ራሱ የወር አበባን እንደሚያዘገይም ያስታውሱ። «አለ» ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በአንድ ወገን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስን መሳት ከታየ ግን እርግዝናው ከማሕፀን ውጪ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል መድረስ የግድ ነው።